ውሾቻችን የሚፈቱበት አንድ የታጠረ ሜዳ ይኑረን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ባሕር ዳር ቀበሌ 14 የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። ጋዜጣችሁን ከስፌት መኪናዬ አጠገብ አስቀምጬ፣ ደንበኛ ሲወጣ ሲገባ በየመሀሉ አነባለሁ። ስለ መንገድ፣ ስለ ውሃ፣ ስለ እምቦጭ ብዙ ተጽፏል፤ እግዜር ይስጣችሁ። ስለ ውሾቻችን የጻፈ ሰው ግን አላጋጠመኝም። ከተማችን ውስጥ ደግሞ ስንቱ ግቢ ነው ውሻ ያለው! ስለዚህ ዛሬ መቀሱን አስቀምጬ ብዕር አነሳሁ።

ውሻዬ መቻል ይባላል። ስሙን ያወጣለት ባለቤቴ ነው፤ ነፍሱን ይማረው። በእኛ አገር ለውሻ ስም ሲወጣ ለውሻው ብቻ አይደለም። ለጎረቤት፣ ለዘመድ፣ ለባላጋራም መልእክት ነው። አባቴ ገጠር «ሆድ ይፍጀው» የሚባል ውሻ ነበረው። ማታ ማታ በር ላይ ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲጠራው ሰፈሩ ሁሉ ይሰማ ነበር። ባለቤቴ መቻልን ያመጣው በከባዱ ጊዜያችን ነው። ስሙ ለማንም አልነበረም፤ ለራሳችን ነበር።

መቻል ወደ ቤታችን የመጣው በ40 ቀኑ ነው። 3 ወር ሲሞላው ከማንጎው ሥር በሰንሰለት አሰርነው። ክፋት አልነበረብንም። ሰፈሩ ሁሉ የሚያደርገው እንደዚያ ነው። ውሻ ሰው ከለመደ ቤት አይጠብቅም ይባላል፤ እኛም አመንን። 4 ዓመት ሙሉ ከዚያ ዛፍ ሥር አልተነሳም።

የሰንሰለቱ ርዝመት ሦስት እርምጃ ነው። መቻል ዛፉን ሲዞር፣ ሲዞር፣ ሲዞር መሬቱ ክብ ሆኖ ተላጨ። ክረምት ላይ ግቢው በሙሉ ሣር ሲለብስ ያ ክብ ጭቃ ነው። በጋ ላይ አቧራ ነው። ከክቡ ውጪ፣ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ፣ ሣሩ ለምለም ነው። እዚያ ድረስ አፍንጫው ይደርሳል፤ እግሩ አይደርስም። አንገቱን ዘርግቶ ሣሩን ሲያሸት ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። አይቼ ምንም አላሰብኩም። ሰንሰለቱ ያረፈበት የአንገቱ ጸጉርም አልቆ ቆዳው ጠቁሮ ነበር።

ያለፈው ዓመት፣ የዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን፣ የሰንሰለቱ ቀለበት ተበልቶ ኖሮ ተከፈተ። የጎረቤቴ የ7 ዓመት ልጅ ኳሱ ወደ ግቢያችን ገብታበት ሊያነሳት መጣ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። እኔ ስፌት ላይ ነኝ። መጀመሪያ የሰማሁት የልጁን ጩኸት ነው። ስወጣ መቻል ባቱን ይዞታል። ጮኼ ስጠራው ለቀቀው። ለቀቀውና ወደ ዛፉ ሄደ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ሰንሰለት የለበትም፤ እሱ ግን የሄደው ወደ ዛፉ ነው። እዚያው ክቡ ውስጥ ገብቶ ተኛና ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ደግነቱ የልጁ አክስት ነርስ ናት፤ ቤት ነበረች። አንዷ ጎረቤት ቡና ልትነሰንስበት ስትል «ምንም እንዳታደርጉበት!» ብላ ከለከለች። ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ሰዓቷን እያየች 15 ደቂቃ ሙሉ አጠበችው። ከዚያ ባጃጅ ይዘን ወደ ሕክምና ሮጥን፤ ክትባቱም ተጀመረለት። የውሻው የክትባት ካርድ የት አለ ስባል እጄ ተንቀጠቀጠ። ካርዱ ላይ ያለው ቀን ካለፈ 2 ዓመት ሆኖታል። በየዓመቱ መከተብ እንዳለበት አውቅ ነበር። ዛሬ ነገ ስል አሳለፍኩት። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ በማንም አላሳብብም።

«ውሻውን እንዳትገድሉት፤ አስራችሁ 10 ቀን ጠብቁት» ተባልን። የነከሰ ውሻ በነከሰበት ሰዓት የእብድ ውሻ በሽታ ምራቁ ውስጥ ካለ፣ በነዚያ 10 ቀናት ውስጥ ይታመማል ወይም ይሞታል። 10ሩን ቀን ደህና ከሆነ ግን በዚያ ንክሻ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ያን 10 ቀን አልረሳውም። ጠዋት ተነስቼ መጀመሪያ የማደርገው ውሃ ማቅረብ ነው። ውሃውን ላፍ ላፍ ሲያደርግ ሳይ ትንፋሼ ይመለሳል። የልጁ እናት ማታ ማታ ከአጥሩ ማዶ ሆና «እትዬ፣ ዛሬስ በላ?» ትለኛለች። «በልቷል እህቴ፣ በልቷል» እላታለሁ። ሁለታችንም እንቅልፍ አልነበረንም። በ11ኛው ቀን መቻል ደህና ሆኖ ተገኘ። ልጁም ደህና ነው፤ ዘንድሮ 2ኛ ክፍል ገብቷል።

እንዲህ የፈራነው ያለ ምክንያት አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ አንዴ ምልክቱ ከታየ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። በሰው ላይ ከሚደርሰው 99 ከመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። ከሟቾቹ መሀል ደግሞ ሕፃናት ብዙ ናቸው። መድኃኒቱ ክትባት ብቻ ነው፤ እሱም ምልክቱ ሳይታይ። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 ጆሴፍ ማይስተር የሚባለውን የ9 ዓመት ልጅ በክትባት ካተረፈ ወዲህ ዓለም ይህን ያውቃል። አዲስ አበባ ጉለሌ ያለውን ተቋም የድሮ ሰዎች ዛሬም «ፓስተር» የሚሉት በእሱ ስም ነው። እኔ አማኝ ነኝ፤ ጸበል እጠመቃለሁ። ግን የተነከሰ ልጅ ያላችሁ እናቶች ሆይ፣ ጸበሉንም አጥምቁት፤ ክትባቱን ግን አንድ ቀን አታሳድሩ።

ጎረቤቶቼ «አስወግጂው» አሉኝ። ለልጁ ብለው ነውና አልቀየምኳቸውም። እኔ ግን ውሻውን ከማስወገዴ በፊት ለምን እንደነከሰ ማወቅ ፈለግሁ። ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድኩት። ወጣት ናቸው፤ ትዕግሥታቸው ግን የሽማግሌ ነው። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ውሻ ሲገባ መቻል ከወንበር ሥር ተደበቀና ያጉረመርም ጀመር። ሐኪሙ አንድ ጊዜ አዩትና «ይሄ ውሻ ክፉ አይደለም፤ ፈሪ ነው። ከሰንሰለቱ ውጪ ያለውን ዓለም አያውቀውም» አሉኝ።

ቁጭ ብለው አስረዱኝ። ቡችላ ዓይኑን የሚገልጠው በ2 ሳምንቱ ገደማ ነው። ከ3ኛው ሳምንት ጀምሮ እስከ 12ኛው ወይም 14ኛው ሳምንት ያየውን፣ የሰማውን፣ ያሸተተውን ሁሉ «ይሄ የእኔ ዓለም ነው» ብሎ ይቀበላል። ሕፃን ልጅ፣ ባጃጅ፣ ጃንጥላ የያዘ ሰው፣ በግ፣ ሌላ ውሻ፣ ሁሉንም። ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ የሚያየው አዲስ ነገር ግን ያስፈራዋል። የፈራ ውሻ ደግሞ መሸሽ ከቻለ ይሸሻል፤ ካልቻለ ይነክሳል። የታሰረ ውሻ መሸሽ አይችልም። እኛ መቻልን ያሰርነው ያ መስኮት ሊዘጋ ሲል ነው። ሌላ ውሻ በአፍንጫው እንኳ ነክቶ አያውቅም ነበር።

ቡችላ ያላችሁ ይህን ስሙኝ። በዚያ ዕድሜ ክትባቱ ስለማያልቅ ያገኘው ሜዳ ላይ አትልቀቁት። ፓርቮ የሚባለው ተቅማጥ ቡችላን በሁለት ሦስት ቀን ይገድላል። ግን በእቅፋችሁ ይዛችሁ ገበያ ዳር ቁሙ። ባጃጁን ይስማ፤ ሰው ይየው። ክትባቱን የጨረሰ፣ ጠባዩን የምታውቁት የዘመድ ውሻ ካለ ቤት ይምጣለት። የእብድ ውሻውን ክትባት 3 ወር ሲሞላው ይወጋ፤ ከዚያ በየዓመቱ። ወጪው ከአንድ የሰው ልጅ ሕክምና ጋር አይወዳደርም። እኔ ከፍዬ ነው የማውቀው።

ያን ክረምት ልጄ ሲያትል ወልዳ አራስ ልጠብቅ አሜሪካ ሄድኩ። ሲያትልም ሐይቅ ዳር ያለች ከተማ ናት፤ ሐይቋ ዋሽንግተን ሐይቅ ይባላል። ጠዋት ጭጋጉ ከውሃው ላይ ሲነሳ ጣና ትዝ ይለኝና ሆዴ ይባባ ነበር። የልጄ ጎረቤት ውሻ አላት፤ የእኛው አገር ልጅ ናት። አንድ ቀን «እማማ፣ ይምጡ አንድ ነገር ላሳይዎት» አለችኝና ሕፃኑን በጋሪ ይዘን ማግኑሰን ፓርክ ወደሚባል ቦታ ሄድን።

እዚያ ከ3 ሄክታር የሚበልጥ መሬት ለውሾች ብቻ ታጥሯል። ከተማው ውስጥ ሌሎችም እንዲህ ያሉ ሜዳዎች አሉ። መንገድ ላይ ውሻ ያለ ማሰሪያ አይሄድም፤ ሕግ ነው። የሚፈታው እዚህ ነው። በሩ ሁለት ነው። የመጀመሪያውን ከፍተሽ ትገቢያለሽ፤ ትዘጊዋለሽ፤ ውሻሽን ትፈችያለሽ፤ ከዚያ ሁለተኛውን ትከፍቻለሽ። አንዱ ሲገባ ሌላው ሾልኮ እንዳይወጣ ነው። ለትንንሾቹና ለፈሪዎቹ የተለየ ክፍል አላቸው። ሰገራውን ባለቤቱ ወዲያው በፌስታል ያነሳል። ሜዳው እስከ ሐይቁ ይወርዳል። እንጨት ሲወረወርላቸው ውሃው ውስጥ ዘለው ገብተው ይዘውት ይመጣሉ።

እኔ የጠበቅኩት ጦርነት ነው። 20 የሚሆኑ ውሾች ነበሩ፤ ጥጃ የሚያክል አለ፣ ድመት የምታክል አለች። የሕፃኑን ጋሪ ወደ ኋላ ይዤ ከአጥሩ ውጪ ቆምኩ። አንድ ሰዓት ቆየን። ተሯሯጡ፣ ተላፉ፣ ተሸታተቱ፣ አንዱ ሌላውን ሲያበዛበት «በቃህ» ብሎ አጉረመረመበትና ተለያዩ። የተነከሰ አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ እንዲህ ያሉ ሜዳዎች እዚያው አሜሪካ፣ በርክሌይ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1979 እንደተጀመሩ ልጅቷ ነገረችኝ። መንግሥት በራሱ ተነሥቶ ሳይሆን የሰፈሩ ነዋሪ ባዶ መሬት ጠይቆ ነው የተጀመረው።

እኔ ግን አጥሩን ይዤ የማስበው ስለ ሦስት እርምጃው ሰንሰለት ነበር።

ስመለስ ለአራት ጎረቤቶቼ ነገርኳቸው። አንደኛው ጋሼ፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ቤት ሊሠሩበት ያጠሩት ባዶ ቦታ አላቸው። የብሎኬት አጥር አለው፤ በር አለው፤ ውስጡ ሣርና አንድ የዋርካ ችግኝ ነው። «እስክንሠራበት ድረስ ተጠቀሙበት፤ ግን ያልተከተበ ውሻ በበሬ አይገባም» አሉ። አምስታችንም ውሾቻችንን አስከተብን። ካርዱን ቆጥረው ያዩት እሳቸው ናቸው።

ሐኪሙ እንደነገሩኝ በአንድ ጊዜ አልፈታንም። መጀመሪያ ለ3 ሳምንት ጎን ለጎን መራመድ ብቻ ነው። የጋሼ ውሻ ቡቺ የምትባል አሮጊት ናት፤ የሐበሻ ውሻ፣ ቡናማ፣ ጆሮዋ የተቀደደ። እሳቸው እሷን ይዘው በመንገዱ በዚያ በኩል፣ እኔ መቻልን ይዤ በዚህ በኩል እንሄዳለን። መጀመሪያ ቀን መቻል የጀርባው ጸጉር እንደ ጃርት ቆመ። ገመዱን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት። ጋሼ ከማዶ ሆነው «እትዬ፣ ገመዱን ላላ አድርጊው፤ አንቺ ስትፈሪ በገመዱ በኩል ይሰማዋል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እጄን ሳላላ እሱም ላላ። በየቀኑ መንገዱን እያጠበብን መጣን።

የፈታነው አንድ እሑድ ጠዋት ነው፤ ቅዳሴ ወጥተን። መቻል ገመዱ ከአንገቱ ሲወልቅ አልሄደም። ቆመ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ ሄደና እንደገና ቆመ። ሰንሰለቱ የሚይዘው መስሎት ነው። አራተኛውን እርምጃ እስኪራመድ ድረስ እኔ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ቡቺ ፊት ለፊት አልመጣችበትም። ዞር ብላ በጎኑ መጣች፤ ዓይኑን አላየችውም። ከኋላው አሸተተችው። እሱ እንጨት መስሎ ደርቋል፤ ጅራቱ በእግሮቹ መሀል ገብቷል። ከዚያ እሷ ራቅ አለችና የፊት እግሮቿን ዘርግታ ደረቷን መሬት አስነካች፤ የኋላዋ ከፍ ብሏል፤ ጅራቷ ይቆላል። ሰው እጅ ሲነሳ ይመስላል። በውሾች ቋንቋ «እንጫወት» ማለት ነው። ያቺ አሮጊት! መቻል አያት። ራሱን ወደ ጎን አዘነበለ። ከዚያ አምስት ዓመቱ የሆነው ውሻ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሮጠ። አሯሯጡ ራሱ ያሳዝን ነበር፤ የኋላ እግሮቹ የፊቶቹን አያውቋቸውም። ሜዳውን ሁለቴ ዞሮ መጥቶ እግሬ ላይ ወደቀ፤ ምላሱ ወጥቷል። እኔ አለቀስኩ። ጋሼም መነጽራቸውን ያወልቁ ነበር።

ይኸው ስድስት ወር ሆነን። በሳምንት ሁለት ቀን፣ እሑድና ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል። አሁን ሰባት ውሾች ነን። የተማርነው ብዙ ነው። ጅራት የሚቆላ ውሻ ሁሉ ደስተኛ አይደለም፤ ጅራቱ ወደ ላይ ተገትሮ ቶሎ ቶሎ የሚወዛወዝ፣ ሰውነቱ የደረቀ፣ ዓይኑን የማይነቅል ከሆነ ሊጣላ ነው፤ ያኔ ጠርቶ ማራቅ ነው። ሰውነቱ እንደ ውሃ የላላ፣ አንዴ አባራሪ አንዴ ተባራሪ የሚሆን ከሆነ ጨዋታ ነው። አጥንትና ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ጠብ የሚነሳው በእሱ ነው። ወንድ የምትፈልግበት ወቅት ላይ ያለች ሴት ውሻ አትመጣም። የሚጣሉ ውሾች መሀል እጅ አይገባም፤ ጋሼ ባልዲ ውሃ በር ላይ አዘጋጅተዋል፤ አንድ ጊዜ ተጠቅመንበታል። ሁሉም ውሻ ሜዳ አይወድም። የአንዷ ጎረቤቴ ጀርመን ሸፐርድ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ጨነቀው፤ ለብቻው ቢንሸራሸር ይሻለዋል ብለን ተውነው። ያም አንድ ውሳኔ ነው።

መቻል ቤት መጠበቁን አልተወም። እንዲያውም ድሮ ለነፋሱም ለቅጠሉም ይጮህ የነበረው አሁን ሲጮህ ምክንያት አለው፤ እኔም ተነስቼ አያለሁ። ማታ ጅብ ከወንዙ በኩል ሲመጣ ቀድሞ የሚያውቅ እሱ ነው። የነከሰውን ልጅ አሁን በአጥሩ ቀዳዳ ሲያየው ጅራቱን ይቆላል። ልጁን ግን አላስገድደውም። ፍርሃቱ የራሱ ነው፤ ጊዜ ይፈልጋል። ማንጎው ሥር ያለው ክብ ደግሞ ካለፈው ዝናብ ወዲህ ከዳር ከዳር ሣር ይዟል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ጋሼ በሚቀጥለው ዓመት ቤታቸውን መሥራት ይጀምራሉ፤ መብታቸው ነው። እኛ ሜዳ የለንም። ስለዚህ ከተማችን አንድ የታጠረ ሜዳ እንድትፈቅድልን በዚህ ደብዳቤ እለምናለሁ። 3 ሄክታር አልጠየቅሁም። 1000 ካሬ ሜትር ይበቃል። ሰው የሚረማመድበት ያልሆነ፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ ራቅ ያለ፣ ትምህርት ቤት ያልተጠጋ ይሁን። አጥሩን በመዋጮ እንሠራለን፤ የሲያትሉን ዓይነት ሁለት በር እናደርግለታለን። ሰገራውን እናነሳለን። በሩ ላይ ካርድ የሚያይ ሰው በተራ እንመድባለን።

ሐይቁ ዳር ይሁን የሚሉኝ አሉ። እኔ አልስማማም። የጣና ዳር የሁሉም ነው። ሰው ዓሣ ይበላበታል፣ ሙሽራ ፎቶ ይነሳበታል፣ ጥምቀት ይከበርበታል። ውሻ የሚፈራ፣ በሃይማኖቱም ውሻ እንዲነካው የማይፈልግ ሰው በነፃነት ሊሄድበት ይገባል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬም አለ። ዓሣ የሚራገፍበት ቦታ ደግሞ ጠዋት ሄዳችሁ እዩ፤ ፔሊካኖቹና ባለቤት የሌላቸው ውሾች ለቀረሶና ለአምባዛ ሆድ ዕቃ ይሻማሉ። እዚያ መሀል የቤት ውሻ መፍታት ጠብ መፈለግ ነው።

«ሰው ሳይበላ ለውሻ ሜዳ!» የሚለኝ ወገን እንዳለ አውቃለሁ። ደንበኞቼም ብለውኛል። ይህን ጥያቄ አላቃልለውም፤ እኔም በመርፌ የምኖር ሰው ነኝ። ግን በውሻ የሚነከሰው ማነው? በመኪና የሚሄደው አይደለም። ገና ሳይነጋ ውሃ የሚቀዳው፣ በእግሩ ትምህርት ቤት የሚሄደው የድሃ ልጅ ነው። ለእሱ ነው የምጽፈው። ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 ከመቶው ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል ይላሉ የጤና ባለሙያዎች። 70 ከመቶ እንዴት ይደረሳል? የእኛን ሰፈር እዩ። ከሜዳው በፊት ጊዜው ያላለፈበት የክትባት ካርድ ያለው ውሻ አንድም አልነበረም። ሜዳው ሲመጣ ሰባት ሆነ። ሰው ውሻውን ይዞ የሚሄድበት ደስ የሚል ቦታ ሲያገኝ፣ በሩ ላይ ደግሞ ካርድ ሲጠየቅ፣ ክትባቱን ራሱ ፈልጎ ያስወጋል።

መርዙን ግን እንተው። አንዳንድ ጊዜ ውሻ በዛ ተብሎ በመርዝ ይገደላል። ልጆቻችን ትምህርት ቤት ሲሄዱ መንገድ ዳር አፉ አረፋ የደፈቀ ውሻ እያዩ ያልፋሉ። በወሩ ቦታውን ሌላ ያልተከተበ ውሻ ይይዘዋል። ያ ገንዘብ ለክትባት ቢውል ብዬ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል።

የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን መስከረም 18 ላይ ይውላል። ፓስተር ያረፈበት ቀን ነው። በውሻ ምክንያት በዚህ በሽታ የሚሞት ሰው እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ እንዳይኖር ዓለም ዕቅድ ይዟል። ከመስከረም በፊት መሬቱ ቢፈቀድልን፣ በዚያ ቀን የእንስሳት ሐኪሞች በሩ ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ቢከትቡልን፣ እኔ ወረፋ የሚያስጠብቁትን ልጆች ሰደርያ በነፃ ሰፍቼ አቀርባለሁ። ጨርቁንም ገዝቻለሁ፤ ብርቱካናማ ነው፣ ከሩቅ የሚታይ።

የሚመለከታችሁ ኃላፊዎች እሑድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል መጥታችሁ እዩን። ዝግጅት ክፍሉ አድራሻዬን ይዟል። ውሻ ያላችሁ ጎረቤቶችም ኑ፤ በገመድ ይዛችሁ፣ ካርዳችሁን ሳትረሱ። ካርድ የሌላችሁ መጀመሪያ ወደ ሐኪም ሂዱ። እኛ እንጠብቃችኋለን።

አክባሪያችሁ፣
የመቻል ባለቤት፣ ልብስ ሰፊ
ከባሕር ዳር